ፓስፖርቱን ወስደን ድምፁን ለተውን ወገኖቼ

አሜሪካ ውስጥ ዜግነት የወሰዳችሁ ወገኖቼ፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው። ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ ግን እንዳትሳሳቱ፤ ዜጋ ሳይሆኑ መምረጥ ጣጣው ከባድ ነው።

እጃችንን አንስተን ማልን። ፓስፖርት ለማውጣትማ ማን ቀድሞን! ምርጫ ሲመጣ ግን «የኔ አንድ ድምፅ ምን ሊፈይድ?» ብለን እንቀራለን። ስለ አዲስ አበባ ፖለቲካ እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን፤ የልጆቻችንን ትምህርት ቤት የሚመራው ቦርድ ውስጥ ማን እንዳለ አናውቅም። ነውር ነው።

ይህ መብት ደም የፈሰሰበት ነው። ፋኒ ሉ ሄመር ሚሲሲፒ ውስጥ የጥጥ እርሻ ሠራተኛ የነበረች ጥቁር ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1962 ለመራጭነት ልትመዘገብ ኢንዲያኖላ ሄደች። መዝጋቢው ከግዛቱ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ አውጥቶ ምን ማለት እንደሆነ እንድታብራራ ጠየቃት። ሕግ ያልተማረ ሰው ሊመልሰው የማይችል ነገር ነው። ወደቀች። ማታ ስትመለስ የእርሻው ባለቤት «ወይ ምዝገባውን ተይ፣ ወይ ከመሬቴ ውጪ» አላት። 18 ዓመት የሠራችበትን ቦታ በዚያው ሌሊት ለቀቀች። ተስፋ ግን አልቆረጠችም፤ ደጋግማ ተፈትና በ1963 አለፈች። በዚያው ዓመት ዊኖና እስር ቤት ውስጥ ክፉኛ ተደበደበች፤ ጉዳቱ እስክትሞት አልለቀቃትም።

የመምረጥ መብት ሕጉን ያስወጡት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ማርች 7 ቀን 1965 ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎች የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ለመጠየቅ ከሴልማ ተነሥተው የኤድመንድ ፔተስን ድልድይ ሲሻገሩ የአላባማ ፖሊሶች በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ጠበቋቸው። ከሰልፉ መሪዎች አንዱ የነበረው የ25 ዓመቱ ጆን ሉዊስ ጭንቅላቱ ተፈነከተ። አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየው። ኦገስት 6 ቀን ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሕጉን ፈረሙ። ሚሲሲፒ ውስጥ ከመቶ 7 እንኳ የማይሞላው የጥቁሮች ምዝገባ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 60 ተጠጋ።

አሁን ልብ በሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 3፣ እኚሁ ፕሬዚዳንት የኢሚግሬሽን ሕጉን ፈረሙ። ይህ ሕግ በሻረው፣ ከ1924 ጀምሮ በነበረው ኮታ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ነበር። የእኛም በር የተከፈተው በዚያው የትግል ዘመን ነው። ታዲያ የእነሱን ውለታ በቸልታ እንመልስ?

«አንድ ድምፅ» ለምትሉ፣ ቨርጂንያን እዩ። በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ላይ ለግዛቱ ምክር ቤት ሁለት ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። አሸናፊው የታወቀው ስም ከሳህን በዕጣ ወጥቶ ነው። የግዛቱን ምክር ቤት አብላጫ ማን እንደሚይዝ የወሰነውም ያ ዕጣ ነው። አንድ ሐበሻ ከሥራ ሲመለስ ጎራ ብሎ ቢሆን ዕጣ ባላስፈለገ።

«ከተመዘገብኩ ለጁሪ፣ ማለትም ፍርድ ቤት ተቀምጦ ለመፍረድ፣ እጠራለሁ» ብላችሁ ከምዝገባ የምትሸሹም አላችሁ። ብዙ ቦታ ስማችሁ ከመንጃ ፈቃድ መዝገብም ይወሰዳል፤ መሸሻ አይሆንም።

ደግሞም የመምረጥ መብት ሕጉ በራሱ ቆሞ አይኖርም። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንዱን ዋና ምሰሶውን ጥሎታል፤ በአድልዎ ይታወቁ የነበሩ ግዛቶች የምርጫ ደንብ ለመቀየር አስቀድመው የፌዴራል መንግሥቱን ማስፈቀድ ቀርቶላቸዋል። ስለዚህ ስማችሁ መዝገቡ ላይ መኖሩን፣ የምርጫ ጣቢያችሁም አለመቀየሩን ራሳችሁ አጣሩ።

እናቶቻችንንም ቤት አታስቀሯቸው። እንግሊዝኛ ማንበብ ያልቻለ መራጭ የሚረዳውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ መግባት እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል። አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብቻ አይሁን። ልጅም ጎረቤትም ይሆናል። ወረቀቱን አንብቡላቸው፤ ምርጫውን ግን ለእነሱ ተዉላቸው።