ቡችላ በወሩ አይወሰድም

«ቡችላ በወሩ ካልተወሰደ ጌታውን አይለምድም» ያልከው ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት ነው ወንድሜ። ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት አለበት። ንክሻውን መመጠን የሚማረው እዚያ ነው፤ ወንድሙን ጠንከር አድርጎ ሲነክሰው ያኛው ጮኾ ጨዋታውን ይተዋል፣ እሱም ይገባዋል። እንግሊዝ ውስጥ ፈቃድ ያለው አርቢ ከ8 ሳምንት በታች መሸጥ አይችልም፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ነጋዴ ከአርቢ ተረክቦ ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላ መቸርቸሩ በሕግ ተከልክሏል። እኛ ጋ ፒያሳ መንገድ ዳር ካርቶን ውስጥ ያሉት አንጀትህን ቢበሉትም፣ እናቱን ሳታይ በፍጹም እንዳትገዛ። ፓርቮ የሚባለው የውሻ ቫይረስ ከያዘው እኮ ትውከቱና ደም የቀላቀለ ተቅማጡ በቀናት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ክትባቱም አንዴ ተወግቶ አያበቃም፣ እስከ 16 ሳምንቱ ድረስ ይደጋገማል።