መሶብን በቀይ ቀለም መሰረዝ

ባለፈው ሳምንት በአንድ የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ጣቢያ የጤና ፕሮግራም ላይ የቀረቡ እንግዳ፣ ጨጓራም ይሁን የሆድ መንፋት የሚያስቸግረው ሰው ሁሉ ከማናቸውም ሕክምና በፊት የምግብ ተስማሚነት የደም ምርመራ እንዲያደርግና ውጤቱ በቀይ ያመለከተውን ምግብ በሙሉ ከገበታው እንዲያስወጣ መከሩ። አንዲት አድማጭ ደውላ ምርመራው ምን ያህል እንደሚታመን ስትጠይቃቸው የሰጡት መልስ «ደም አይዋሽም» የሚል ብቻ ነበር። አዘጋጁም አመስግኖ ወደ ማስታወቂያ አለፈ። ይህንኑ ምክር አምነው 3 ወር የተራቡ ሰው በቤተሰቤ ውስጥ ስላሉ፣ እኔ እንደ አዘጋጁ በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም።

ደም አይዋሽም፤ የተጠየቀውን ይመልሳል። ችግሩ የተጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው። ይህ ምርመራ በደም ውስጥ የሚፈልገው አይጂጂ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፣ ሰውነታችን ይህን የሚያመርተው ከሚመገበው ምግብ ጋር በመተዋወቁ ነው። ጤነኛ ሰውም ያመርተዋል። እንዲያውም አይጂጂ 4 የሚባለው ዓይነት ሰውነት ምግቡን ከመልመዱ ጋር የሚያያዝ ነው። እንቁላል ወይም ኦቾሎኒ በልቶ ወዲያው ከንፈሩ የሚያብጥ፣ ትንፋሹ የሚያጥር ሰው የሚመረመረው አይጂኢ የሚባለው ፈጽሞ ሌላ ነው። የሁለቱ ስም በአንድ ፊደል ብቻ መለያየቱ ለሻጮች እንዴት እንደተመቻቸው መገመት አያዳግትም።

አራት ኪሎ የሚኖሩት አክስቴ ከአንድ ክሊኒክ ይዘውት የመጡትን የውጤት ወረቀት በገበታቸው ላይ ዘርግተን አብረን አንብበነዋል። በቀይ የሰፈሩት ስንዴ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ነጭ ሽንኩርትና እንቁላል ነበሩ። በአረንጓዴ የሰፈሩት ደግሞ ሳልመን፣ ብሉቤሪ፣ የባሕር ቀንድ አውጣና እሳቸው በስምም የማያውቋቸው ሌሎች ምግቦች ነበሩ። ጤፍ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ ነገር ግን ከወረቀቱ ግርጌ በእስክሪብቶ «እንጀራም ይቀነስ» ተብሎ ተጽፏል። አክስቴ ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ «ታዲያ እኔ የምበላው ሁሉ መርዝ ነበር ማለት ነው?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ የምመልስላቸው አልነበረኝም።

አሁን ግን አለኝ። ያ ወረቀት የአክስቴን መሶብ በትክክል ገልጿል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽሮና ምስር ሲበሉ የኖሩ ሴት ደማቸው ሽምብራንና ምስርን ማወቁ ምን ያስደንቃል? ቀምሰውት የማያውቁት ሳልመን ደግሞ «ተስማሚ» ተብሎ መውጣቱ ምኑ ነው ግኝቱ? ባሕር ዳር ተወልዶ ዓሣ ሲበላ ያደገ ሰው ቢመረመር ዓሣው ሊቀላበት ይችላል፤ ወተት የሚያዘወትር የቦረና አርብቶ አደር ቢመረመር ወተቱ ሊቀላበት ይችላል። ለእያንዳንዳችን የሚታዘዘው ክልከላ ያሳደገንን ምግብ እንድንተው የሚያደርግ ከሆነ፣ ወረቀቱ ስለ ሕመማችን የነገረን አንዳች ነገር የለም። የቤት ሠራተኛዬን «በዚህ ወር ምን ሠራሽልን?» ብዬ ብጠይቃት ተመሳሳይ ዝርዝር በነፃ ትሰጠኛለች። አክስቴ ግን ለዚህ ዝርዝር የከፈሉት ገንዘብ ከ2 ወር ጡረታቸው ይበልጣል።

«በሠለጠነው ዓለም ሁሉም የሚሠራበት ነው» የሚለው መከራከሪያም በዚያው ፕሮግራም ተነሥቷል። የአውሮፓ የአለርጂና ክሊኒካዊ ኢሙኖሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የካናዳው አቻ ማኅበር ደግሞ በ2012 ይህ ምርመራ የምግብ አለመስማማትን ለመለየት እንዳይውል በግልጽ አሳስበዋል። እዚያም ይሸጣል፤ መሸጡን ግን ባለሙያዎቹ እንደ ማረጋገጫ አይቆጥሩትም።

አክስቴ 3 ወር ሙሉ ሩዝና ድንች ቀቅለው በሉ። ሽሮውን፣ ምስሩንና እንቁላሉን አንድ ላይ ያጣች አሮጊት ፕሮቲኑን ከየት ታገኛለች? ቀለበታቸው ከጣታቸው መውለቅ ጀመረ። ለክርስትና ተጠርተው ሄደው ሳይጎርሱ ተመለሱ። ሰገራቸው መጥቆሩን እንኳ የነገሩን ቆይተው ነው፤ ከምግቡ ለውጥ የመጣ መስሏቸው ነበር። በኋላ በኢንዶስኮፒ ሲታዩ የጨጓራ ቁስል ተገኘባቸው፤ ለቁስሉ ምክንያት የሚሆነው ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያም ነበረባቸው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉት አውስትራሊያውያን ይህን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1982 ለይተው እስኪያወጡት ድረስ፣ ለጨጓራ ቁስል በዋናነት ሲወቀሱ የኖሩት ምግብና ጭንቀት ነበሩ፤ ለግኝታቸውም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ በሰገራ ምርመራ የሚገኝ፣ በተጣመሩ መድኃኒቶች የሚታከም በሽታ ነው። አክስቴ 14 ቀን መድኃኒታቸውን ወሰዱ፣ ቁስሉም ዳነ፤ ዛሬ ሽሯቸውን በእንጀራ ይበላሉ።

ቀይ የተባለውን ምግብ ትተው የተሻላቸው ሰዎች መኖራቸውን አልክድም። ሽንኩርት፣ ባቄላና ስንዴ በአንጀት ውስጥ እየፈሉ ሆድ የሚነፉ ስኳሮች አሏቸው፤ እነሱን የተወ ሰው ሊቀልለው ይችላል። በሜልቦርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፎድማፕ የሚሉትን አመጋገብ ያዘጋጁት በዚሁ መነሻ ነው። ነገር ግን እነሱ ምግቡን የሚያስቀንሱት ከ2 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው እንደሚያስቸግር ይለያሉ። መመለስ የሌለበት ክልከላ ምንም አያስተምርም።

እኛ ደግሞ ለዚህ እንግዳ አይደለንም። ሁዳዴን የሚጾም ሰው በየዓመቱ 55 ቀን ከወተት፣ ከቅቤ፣ ከእንቁላልና ከሥጋ ተለይቶ ይቆያል። ሆዱ በጾሙ ወራት ተረጋግቶ ፋሲካ ሲገባ በወተት የሚታወክ ከሆነ፣ ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር መጠርጠር ይችላል፤ ትኩስ ወተቱን ትቶ እርጎና አይብ ቢሞክር ሊስማማው ይችላል። በተቃራኒው ጾም ሲገባ የሚብስበት ሰው ጥራጥሬውንና የሽንኩርቱን ብዛት ይመርምር፤ ጥራጥሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን ደፍቶ ይቀቅል። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው የበላነውንና የተሰማንን የምንጽፍበት አንድ ደብተር ነው።

በስንዴ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲሊያክ የሚባለው፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የሚቀሰቅሰው የአንጀት በሽታ በደም የሚታወቀው ታማሚው ስንዴ እየበላ ሲመረመር ነው፤ አስቀድሞ ስንዴ ያቆመ ሰው ውጤቱ ንጹሕ መስሎ ሊወጣ ይችላል። በቀይ ቀለም ፈርቶ ዳቦውን የተወ ሰው እውነተኛውን ምርመራ በገዛ እጁ ያበላሻል። ጤፍ ደግሞ ግሉተን የለውም፤ ለሲሊያክ ታማሚ ከስንዴና ከገብስ ጋር ያልተደባለቀ የጤፍ እንጀራ የሚመከር ምግብ ነው። በአክስቴ ወረቀት ላይ «እንጀራም ይቀነስ» ብሎ የጻፈው እጅ ይህን አያውቅም ነበር፤ አለዚያ እያወቀ ጽፎታል።

ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ደም ያነሰው፣ ሰገራው የጠቆረ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ሰው መሄድ ያለበት ወደ ጨጓራና አንጀት ሐኪም ነው። ይህን ምርመራ የሚሸጡ ክሊኒኮችም ውጤቱ በሽታን እንደማይለይ በወረቀቱ አናት ላይ እንዲጽፉ የከተማው የጤና ተቆጣጣሪዎች ሊያስገድዷቸው ይገባል። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት አንድ የአንጀት ሐኪም ይጋብዝና ያቺ አድማጭ ጥያቄዋን ከመጀመሪያው እንድትጠይቅ መስመሩን ይክፈትላት። አክስቴም ወረቀታቸውን ይዘው ከእሷ ቀጥለው ለመደወል ዝግጁ ናቸው።