ለአንበሳ አለን፣ ለዜና የለንም

ሰሞኑን ፍራንክፈርት አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ገና ሳልቀመጥ ደብዳቤ ወረወረልኝ። "እስቲ የእነዚህን ጉድ እየው!" አየሁት። ጀርመን አገር አድራሻ ያስመዘገበ ሰው ሁሉ የሚደርሰው ያ ከኮሎኝ የሚመጣ ደብዳቤ ነው። የሕዝብ ጣቢያዎቹ የሚተዳደሩበት የሬዲዮና የቴሌቪዥን መዋጮ፣ በወር 18.36 ዩሮ፣ የሦስት ወሩ አንድ ላይ 55.08።

"እኔ እኮ ቴሌቪዥን የለኝም!" ይላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነገር ግን ሶፋውን ያክላል። ዓይኔ ወዴት እንደሄደ ገባውና "እሱ ለዩቲዩብ ነው" አለኝ።

ቢኖረውስ ባይኖረውስ? በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2013 ወዲህ ክፍያው የሚታሰበው በዕቃ ሳይሆን በቤት ነው። አራት ሆናችሁ አንድ ቤት ብትኖሩ አንዳችሁ ከከፈላችሁ አለቀ። አስረዳሁት። "ታዲያ የማላየውን ለምን እከፍላለሁ?" አለ።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ይሉ ነበር አባቴ። በጣም የምወደው ተረት ነው። ምንጩን ማን ይጥረገው፣ አጥሩን ማን ይጠግነው የሚለውን ግን ተረቱ ዘሎታል። እኛም ዘለነዋል። ጥሩውን ውኃ እንፈልጋለን፤ ለመዋጮ ሲመጡብን በጓሮ እንወጣለን።

አባቴን ካነሳሁ አይቀር፣ ኢቲቪን የሚሰሙበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። የማታው ሁለት ሰዓት ዜና "ዘይት በበቂ ሁኔታ ገብቷል" ካለ፣ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ጄሪካን አስይዘው ለሰልፍ ይልኩናል። የሚያምኑትን ወሬ የሚያገኙት ከጀርመን ድምፅ ነበር፤ አጭር ሞገዱ እየተንሿሿ፣ ሬዲዮኗን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው። ኢቲቪም የጀርመን ድምፅ አማርኛ ክፍልም በእኛ አቆጣጠር የ1957 ልጆች ናቸው። አንዱ እዚሁ አጠገባችን አደገ፣ ያመንነው ግን ባሕር ማዶ ያለውን ነው። ያን ሁሉ ዓመት የጀርመን ግብር ከፋይ ለአባቴ ዜና ሲከፍል "እኔ አማርኛ አልሰማ፣ ምን አገባኝ?" ብሎ ከሆነም እኛ ጋ አልደረሰም።

በቴሌቪዥን ነገር ሌላም ቂም አለብኝ። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን የነበራቸው አንዲት እትዬ ነበሩ። እኛ ልጆቹ በመስኮት እናጮልቃለን። ልክ ፊልሙ ሲጀምር መጋረጃውን ግርድ! ለዜናውና ለስብሰባው ግን ወለል አድርገው ይከፍቱታል። ስንት የምርት ዘመቻ፣ ስንት የጓድ ሊቀመንበር ጉብኝት በነፃ አየሁ! በነፃ የሚታይ ነገር ለምን በነፃ እንደሚታይ የገባኝ ያኔ ነው።

ወዳጄ መሸነፍ አይወድም። "የበርሊኗን ኃላፊ ረሳሃት?" አለኝ። አልረሳሁም። በ2022 የበርሊንና የብራንደንቡርግ ጣቢያ ዋና ኃላፊ በአባካኝነት ተወንጅላ ተባርራለች። የመሥሪያ ቤት መኪናዋ መቀመጫ ማሳጅ ያደርጋል መባሉ አገሩን አብግኖት ነበር፤ እኔንም። ግን ጉዱን ዜናቸው ላይ ካነበቡት መካከል እዚያው በመዋጮው የሚተዳደሩት ጣቢያዎች ይገኙበታል። ኢቲቪ ስለ ኢቲቪ አለቃ እንዲህ ያለ ዜና ሲያነብ ያየ ካለ፣ ቡና በእኔ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ይኸው ሰውዬ ማታ ማታ ቲክቶክ ላይቭ ላይ ነው። ሁለት ሰው ይሰዳደባል፣ ሦስተኛው "ታፕ ታፕ አድርጉ!" ይላል፣ በመሀል የአገር ምስጢር "ከታማኝ ምንጭ" ይተነተናል። ወዳጄ ለተናጋሪው አንበሳ ይልካል፤ በገንዘብ የሚገዛ የቲክቶክ ስጦታ ነው። አንበሳ እኮ 29,999 ኮይን ነው! በዩሮ ከሦስት መቶ በላይ ይሄዳል። የዓመቱ መዋጮ 220.32 ነው፤ እናንተው አስሉት። በነጋታው ወሬው ውሸት መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ገንዘቤን መልስ የሚል የለም። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። "እሱ የኛ ሰው ነው።" በቃ። የኛ ሰው ከሆነ መዋሸቱ ወጪ ተደርጎ ይያዝለታል!

በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2017 ላይ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ፊርማ ተፈረመና የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ቤታችሁ ተቀመጡ ተባሉ። ለዓመታት "የተሸጠ ጣቢያ" እያሉ ሲሰድቡት የነበሩት ጭምር "ምነው ድምፁ ጠፋ?" ማለት ጀመሩ። ከመንግሥት በጀት የሚበላ ጣቢያ ዕድሉ ይኸው ነው፣ ጌታው ሲቆጣ ገበታው ይነሳል። ጀርመኖቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎቻቸውን መዋጮ ከበጀት ለይተው ከየቤቱ የሚለቅሙት ይህንኑ ሸሽተው ነው። እነሱም ቢሆኑ ያለ ንትርክ አይደለም፤ በፈረንጆቹ ከ2025 ጀምሮ 18.94 ይሁን ተብሎ በባለሙያዎች ቢመከር ክልሎቹ አንገራገሩ፣ ጣቢያዎቹም ፍርድ ቤት ሄዱ።

ለማንኛውም ደብዳቤው። ዝም ሲሉት ቢያንስ 8 ዩሮ መቀጫ ይጨመርበታል። በጆብሴንተር፣ ማለትም ሥራ ላጣ ሰው ድጎማ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ገንዘብ የሚኖር አመልክቶ ነፃ መውጣት ይችላል። ወዳጄ ሁለት ሥራ አለው፣ አይመለከተውም። ይህንንም ነገርኩት። ትንሽ አሰበና "እንግዲያው በባለቤቴ ስም ይምጣ" አለኝ።