ዝናብ በጣሪያችን እየፈሰሰ ጀሪካን ተሸክመን

ወገኖቼ፣ ሐምሌ ላይ ከቤታችሁ ወጥታችሁ አሸንዳችሁን ተመልከቱ። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያደረው ዝናብ ወደ ደጅ ይወርዳል፤ የጎረቤትን አጥር ሸርሽሮ፣ መንገዱን አጥለቅልቆ ወንዝ ይገባል። በማግስቱ እኛው ጀሪካን ይዘን ቦኖ እንሰለፋለን፤ አቅም ያለውም ቦቴ ይጠራል። ይህ እንዴት አያሳፍረንም?

ሒሳቡ የልጅ ሒሳብ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። እንግዲህ ጣሪያው 80 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት በዓመት 80,000 ሊትር ይቀበላል። አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ ባለ 20 ሊትር 3,200 ጀሪካን ይተርፋል። አብዛኛው ዝናብ በክረምት ስለሚወርድ ያን ሁሉ የሚይዝ ሮቶ ከየት ይመጣል ብትሉ እውነት አላችሁ። ነገር ግን አንድ ሮቶ ያለው ቤተሰብ ክረምቱን ለልብስ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለጽዳት የቧንቧ ውኃ ሳይነካ ሊከርም ይችላል። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን አታጠራቅሙ፤ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ጠርጎ የሚወርደው እርሱ ነው።

ሌላው ጥፋታችን ጭቃን መናቃችን ነው። በዚህ እኔም በደለኛ ነኝ። ዘመድ «ተሻሻለ» እንዲለኝ ብዬ የወላጆቼን የጭቃ ቤት አፍርሼ በብሎኬት ሠራሁ። ዛሬ እናቴ ቀን በሙቀት፣ ሌሊት በብርድ ትማረራለች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።

«ጭቃ ቤት ይፈርሳል» ትላላችሁ። የምናፈርሰው እኛ ነን! ማገሩን የሚሸከመውን እንጨት ያለ ድንጋይ መሠረት መሬት ውስጥ ስለምንተክል ምስጥና እርጥበት ከሥሩ ይበሉታል። ጣሪያውን ከግድግዳው አርቀን ስለማናወጣው ዝናቡ ምርጊቱን ይገርፈዋል። ጭቃውንም ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጠን ሳናቦካ፣ ሳናሰነብት፣ ቸኩለን እንመርጋለን። ሐረር ጀጎል ውስጥ በድንጋይና በጭቃ የቆሙትን ወፍራም ግድግዳዎች፣ የትግራይን ባህላዊ የድንጋይና የጭቃ ቤት፣ ሕድሞን፣ ያየ ሰው ይህን ስም ማጥፋት አይደግምም። እዚሁ አዲስ አበባም የሥነ ሕንፃ መምህራንና ተማሪዎች ከዙሪክ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2010 እ.ኤ.አ. ምድር ቤቱ ከተጠቀጠቀ አፈር የሆነ ባለ ፎቅ ቤት መሥራት ጀምረው ለፍጻሜ አድርሰዋል። ባለ ፎቅ፣ ከአፈር!

ዘንድሮ ለመሥራት ያሰባችሁ፣ ብሎኬት ከማዘዛችሁ በፊት ለመሠረት ስትቆፍሩ የሚወጣውን አፈር እዩት። መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ተዉት። ቀይ አፈር ከሆነ ግን በገልባጭ መኪና አስጭናችሁ ልታስጥሉ ገንዘብ የምትከፍሉበት ያ ክምር ግድግዳችሁ ነበር።