የሳቅንበት ቀዛፊ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት። ራሴንም ጨምሬ። ነገሩ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ልረሳው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ይቅር ልበለው ብልም ሆዴ እምቢ አለኝ።

ፍልሰታ ነበር። እዚህ ሐምቡርግ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበናል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ቀርቧል፤ ቡናው ይሸታል። ወሬው እንደተለመደው በሯጮቻችን ተጀመረ። ከዚያ አንዱ «ጀርመኖች እኮ ውሃ ላይ ነው ጉልበታቸው» አለ። እኔም በዚያው ሳምንት ስለ አንድ የሐምቡርግ ልጅ ሳነብ ስለሰነበትኩ ጣልቃ ገባሁ።

ባነ ራበ ይባላል። ጀርመኖች ስሙን የሚጠሩት እንዲሁ ነው። ራበ በእነሱ ቋንቋ ቁራ ማለት ነው። እዚህ አገር ራሱ ከቀዘፋ ሰዎች ውጪ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የተወለደው በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ቀን 1963 ነው። ቀኑ በእኛ ነሐሴ 1፣ የፍልሰታ መግቢያ ላይ ስለሚውል ነው መጀመሪያ ዓይኔ የያዘው።

ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ ነው። በ1988 ሴኡል ኦሊምፒክ ላይ የምዕራብ ጀርመን ባለ ስምንት ቀዛፊ ጀልባ ወርቅ ሲያገኝ እሱ ነበር ምት ሰጪው። ይሄን ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም እዚያ ቤትም እያስረዳሁ ነበር። ቀዛፊዎች ለሚሄዱበት አቅጣጫ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚቀዝፉት። ምት ሰጪው የሚቀመጠው ጀልባው ጫፍ አካባቢ፣ መሪውን ከያዘው ሰው ፊት ለፊት ነው። ሌሎቹ ሰባቱ ጀርባውን እያዩ ይከተሉታል። ሲፈጥን ይፈጥናሉ፣ ሲያረግብ ያረግባሉ። ፊቱን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ መሪውን የያዘው። በዚያ ቀን 2000 ሜትሩን በ5 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ጨረሱት። ሶቪየት ኅብረት ሁለተኛ፣ አሜሪካ ሦስተኛ ወጡ። ምዕራብ ጀርመን በዚህ ጀልባ የኦሊምፒክ ወርቅ ካገኘች ከሜክሲኮ ወዲህ 20 ዓመት ሆኗት ነበር።

በ1991 ቪየና ላይ በባለ አራቱ ጀልባ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1992 ባርሴሎና ላይ በባለ ስምንቱ ነሐስ አገኘ። ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ታሪክ ነው። አኖሬክሲያ የሚሉት በሽታ ያዘው። ሰው ምግብ ሞልቶለት መብላት የሚያቅተው፣ አእምሮው ከገዛ ሰውነቱ ጋር የሚጣላበት በሽታ ነው። ያ ግዙፍ ሰው አለቀ። ኦገስት 5 ቀን 2001 ኪል ከተማ ውስጥ ሞተ። የገደለው ሳንባ ምች ነው፤ የተዳከመ ሰውነቱ ሊቋቋመው አልቻለም። 38 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

እዚህ ጋ ስደርስ አንድ የማከብራቸው አባት ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ባነ፣ ራበው! ስሙ ራሱ ነግሮት የለም እንዴ?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ጀርመን አገር ተቀምጦ በረሃብ!» አለ ሌላው። «የጠገበ ሰው በሽታ ነው» አለች አንዷ እንባዋን እየጠረገች። የሳቅ እንባ። እኔም ሳቅሁ። ታሪኩን ያነሳሁት እኔ፣ የሰውየውን ፎቶ አይቼ ማታ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ፣ ከሁሉም ጋር ጥርሴን አሳየሁ።

ያልሳቀ አንድ ልጅ ነበር። 19 ዓመቱ ነው። ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሳወራ ከሁሉም በላይ የሚያዳምጠኝ እሱ ነበር፤ «ከዚያስ?» እያለ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ሳህኑ እንደቀረበለት ነው። ቀደም ሲል «ምነው አትበላም?» ሲሉት «ጾሙን ጠበቅ አድርጌ ነው» ብሏቸው ነበር። «በርታ የኔ ልጅ» ብለው መረቁት። ሳቁ ሳያበቃ ተነሳ። «ልሂድ» አለ። ማንም አልከለከለውም።

ከሰባት ሳምንት በኋላ እናቱ ደወለችልኝ። ሆስፒታል ገብቷል። በሽታው ያው ነው። «ለምን ለሰው አልነገርክም?» ብላ ጠይቃው ነበር። የመለሰላት አንዲት ቃል ናት፤ «ይስቃሉ»።

ወገኖቼ፣ እኔ የባነን የጀልባ ጓደኞች አልወቅስም። በእነሱ ቤት ምን እንደተደረገ እነሱ ያውቃሉ። እኔ የምወቅሰው እኛን ነው። ከረሃብ የመጣን ሕዝብ ነን። ረሃብን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም ብለን እናስባለን። ለዚህ ነው እንጀራ እፊቱ ተቀምጦ ለሚራብ ሰው ሆዳችን የማይራራው። ቅብጠት ይመስለናል። ወንድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ወንድ ነህ፣ ሆድ ይፍጀው! እንለዋለን። ይኸው ሆዱ ፈጀው።

ሰላምታችን እንኳ «ከሳህ»፣ «ወፈርሽ» ነው። ሚዛን ይዘን ነው በር ላይ የምንቆመው። ልጅቷ ስትከሳ «አማረብሽ» እንላለን፣ ለምን እንደከሳች ሳንጠይቅ።

ጾሙን አልነካም። እኔም ጿሚ ነኝ። ግን የታመመ ሰው ከጾም ነፃ እንደሆነ የሚያስተምሩን ራሳቸው አባቶቻችን ናቸው። ልጃችሁ ፍልሰታው ካለፈ፣ መስቀልም ካለፈ በኋላ «ጾም ላይ ነኝ» ካላችሁ እባካችሁ አትመርቁት። አጠገቡ ተቀመጡ። የቤተሰብ ሐኪም ጋ አብራችሁት ሂዱ። ደጅ ሆናችሁም ቢሆን ጠብቁት።

ለዚያ አባት ሄጄ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «የት ነው ያለው? ልሂድ?» አሉኝ። «አሁን ሰው ማየት አይፈልግም» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም ሁለት ጊዜ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ምን ብዬ እንደምገባ አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ገባሁ። «ይቅርታ፣ እኔም ሳቅሁ» አልኩት። «አይቼሻለሁ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም፤ ግን ውጪ አላለኝም።

አሁን ወጥቷል። አንዳንድ ሳምንት ደህና ነው፣ አንዳንዱ ይከፋል። እናቱ በየቀኑ አትደውልም፤ ሳትደውል ስትቀር እፈራለሁ። በሚቀጥለው እሑድ እቤቴ ይመጣል ብላኛለች። ሌላ ሰው አልጠራሁም። ሽሮ እሠራለሁ፣ ቡና አፈላለሁ። ሳህኑን አላይም። ስለ ባነ መጠየቅ ከፈለገ፣ ካቆምኩበት እቀጥልለታለሁ።