አረጋውያንን ንቁ የሚያደርጋቸው ጎረቤት ነው ወይስ ጉልበት?

የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 «ንቁ እርጅና»ን ሲተረጉም ጤናን፣ ተሳትፎንና ዋስትናን አብሮ ነው ያነሣው። እኛ ግን የምናወራው ስለ ጤናው ብቻ ነው። ከዘጌ ተነሥተው ባሕር ዳር ልጆቻቸው ዘንድ ለመጦር የመጡ እናትን ያስቡ። እዚያ ቡና ይለቅማሉ፣ ደጀ ሰላም ይሳለማሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ። እዚህ «እርስዎ ይረፉ» ተብለው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይውላሉ። ጉልበታቸው የሚደክመው በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ የሚወጡበት ጉዳይ ስላጡም ነው። በመጡበት ወር የሰፈሩ ዕድር ወይም ሰንበቴ ይግቡ። መዋጮውን ልጆቻቸው አስቀድመው ይክፈሉላቸው፤ ወርኃዊው ሲወዘፍ አፍረው ይቀራሉና።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው፦ እኅቴ፣ ዕድር ሄዶ ሁለት ሰዓት አግዳሚ ላይ መቀመጥ ጡንቻ አያጠነክርም። ከ65 ዓመት በላይ ላሉ የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ 2 ቀን የጡንቻ፣ 3 ቀን ደግሞ የሚዛን ልምምድ ነው። ከዘራውንም ይመልከቱልኝ፤ ብዙው ከመጠን በላይ ረጅም ስለሆነ ትከሻ ያነሣል። ጫማ አድርገው ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ታች ሲለቁት እጀታው የእጃቸው አንጓ ጋ መድረስ አለበት። የሚያዝም በደህናው እግር በኩል ነው፤ ሰው ግን በሚያመው በኩል ይይዘዋል። ጫፉ ጎማ ከሌለው በክረምት ያንሸራትታል። አንዴ የወደቁ እንደሆነ ደግሞ ፍርሃቱ ብቻውን ቤት ያስቀራቸዋል፤ ያን ጊዜ ዕድሩም ሰንበቴውም የለም።

ባለሙያዋ፦ ይህን ልምምድ ብቻቸውን ስንት ሳምንት የሚዘልቁበት ይመስልዎታል? «ዛሬ ምነው ቀሩ?» የሚል ጎረቤት ያስፈልጋል። ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሦስት ሆነው በጣና ዳር 20 ደቂቃ ቢሄዱ፣ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ዳገት አያደክማቸውም። የጡንቻውን ደግሞ ቡና ላይ ያድርጉት፤ በአቦልና በቶና መካከል አንድ ዙር፣ በቶናና በበረካ መካከል ሌላ።

ባለሙያው፦ ቡናው ላይ እስማማለሁ፤ ዱካ ላይ ተቀምጠው ግን አይሆንም። ዱካ ዝቅ ስለሚል የታመመ ጉልበት ከዚያ ሲነሣ ይጎዳል። መቀመጫው ከጉልበታቸው እኩል የሆነ ወንበር ግድግዳ አስደግፈው፣ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይነሡ ይቀመጡ። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ካሉ ቀስ ብለው ይነሡ፤ ብድግ ሲሉ ያዞራቸዋል። ረከቦቱና ከሰሉም ከፊታቸው ራቅ ይበል።