መቀሱ ከመነሣቱ በፊት

መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ቅጥር ያግዳል። ከዚያ ከእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በጀት አሥር በመቶ ይቀንሳል። ሁሉም እኩል ስለተነካ ፍትሐዊ ይመስላል። እኔ ግን ከዚህ የባሰ አቆራረጥ ያለ አይመስለኝም። ለዓመታት ቆጥቦ የሠራው ክፍል የሚቆረጥለት ትርፍ ስለሌለው አጥንቱ ይነካል። ሲያባክን የኖረው ደግሞ ስቡን ትንሽ ቀነስ አድርጎ ያልፋል። ቆጣቢው ተቀጣ፣ አባካኙ ተረፈ ማለት ነው።

ወጪ መቀነስና ሥራ ማቀላጠፍ አብረው ይሄዳሉ ብዬ አምናለሁ። ቅደም ተከተሉ ከተበላሸ ግን አይሄዱም። ለዚህ ጥሩ ማሳያዋ ካናዳ ናት፤ አንዴ በትክክል፣ አንዴ ደግሞ በተቃራኒው ሠርታዋለች። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1990ዎቹ አጋማሽ የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ከሚሰበስበው ገቢ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለብድር ወለድ ይውል ነበር። በ1994 እያንዳንዱ ሚኒስቴር የሚሠራውን ሁሉ በስድስት ጥያቄዎች እንዲመዝን ታዘዘ። ሥራው አሁንም ለሕዝብ ይጠቅማል ወይ? መንግሥት ራሱ መሥራቱ የግድ ነው? የፌዴራሉ ድርሻ ነው ወይስ የክፍለ ግዛቶቹ? የግል ዘርፉ ወይም ሌላ አካል ቢይዘውስ? እዚሁ ይቅር ከተባለ፣ እንዴት በተሻለ መንገድ ይሠራል? በመጨረሻም፣ አቅማችን ይፈቅዳል ወይ? የገንዘቡ ጥያቄ መጨረሻ ላይ መምጣቱን ልብ በሉ። መጀመሪያ የተመረመረው ሥራው ነው።

ውጤቱ በተለይ በትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ታየ። አውሮፕላኖችን ከመሬት ሆኖ የመምራቱ ሥራ በ1996 ትርፍ ለማያከፋፍል ድርጅት በ1.5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ተሸጠ። ድርጅቱ የሚተዳደረው አየር መንገዶች ለአገልግሎቱ በሚከፍሉት ገንዘብ ነው። ሚኒስቴሩ የደኅንነት ደንብ ማውጣቱንና መቆጣጠሩን ይዞ ቀረ። ሠራተኛው የቀነሰው ሥራው አብሮ ስለሄደ ነው፤ የቀረው ሰው የሄደውን ሰው ሥራ እንዲሸከም አልተፈረደበትም። በ1997/98 የበጀት ዓመት ጉድለቱ ጠፍቶ ትርፍ ተመዘገበ።

ያለ ሕመም ግን አልነበረም። ለጤናና ለትምህርት ወደ ክፍለ ግዛቶች የሚሄደው ድጋፍም ተቀንሷል። ያን ጊዜ ሆስፒታል ወረፋ የጠበቀ ሰው ይህ ስኬት ነው ቢሉት አይዋጥለትም። ሸክምን ወደ ሌላ ትከሻ ማዛወር ቁጠባ አይባልም፣ እዚህ ላይ ማለባበስ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ታሪክ ልብ ይሰብራል። ያው መንግሥት የሠራተኞቹን ደመወዝ የሚከፍልበትን አሮጌ አሠራር ፊኒክስ በተባለ አዲስ ሲስተም ለመተካት ወሰነ። በዓመት 70 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ይቆጥባል ተባለ። ቁጠባው የሚገኘው በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ 1,200 ገደማ የደመወዝ ባለሙያዎችን ቦታ በማጠፍ ነበር። ሲስተሙ በቅጡ ሳይፈተሽ ባለሙያዎቹ ተሸኙ። በ2016 ሥራ ሲጀምር፣ አንዱ ሲጎድልበት ሌላው ያልሠራበት ይገባለት ጀመር። ጭራሽ ደመወዝ ያልደረሰውም ነበር። ማን የወሊድ ፈቃድ ላይ እንዳለች፣ ማን የሌሊት ፈረቃ እንደሠራ፣ የማን የደረጃ እድገት ገና እንዳልተመዘገበ የሚያውቁት እነዚያ የተሸኙት ሰዎች ነበሩ። እውቀቱ በመዝገብ ላይ ሳይሆን በጭንቅላታቸው ነበር። ሊቆጥብ የመጣው ሲስተም በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር በላ።

አሜሪካም በ2025 መጀመሪያ ተመሳሳይ ጥድፊያ አይተናል። የኑክሌር መሣሪያ ክምችትን ከሚቆጣጠረው ተቋም ሠራተኞች ተባረሩና በቀናት ውስጥ ተመለሱ ተባሉ። ማን ምን እንደሚሠራ ሳይጠየቅ መቀስ ሲነሣ እንዲህ ነው።

ታዲያ ብክነቱ የት ነው? አንዱ የበጀት መዝጊያ ሰሞን ላይ ነው። ያልተጠቀምክበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፣ የመጪው ዓመት በጀትህም ይቀነሳል። ስለዚህ ግዢው ይጦፋል። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ የፌዴራሉ መንግሥት የበጀት ዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት ግዢ ከሌሎቹ ሳምንታት አማካይ 4.9 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያ ሳምንት የተገዙት የኮምፒውተር ፕሮጀክቶችም ጥራታቸው ዝቅ ያለ ነበር። የተረፈውን ገንዘብ ወደሚቀጥለው ዓመት ማሻገር የተፈቀደለት የፍትሕ ሚኒስቴር ግን በኮምፒውተር ግዢው ላይ ይህ ጥድፊያ እምብዛም አልታየበትም። አንድም ሰው ሳይባረር አንድ ደንብ ብቻ ተቀየረ።

ሌላው ያንኑ መረጃ ደጋግሞ መጠየቅ ነው። ኢስቶኒያ የመንግሥት መዝገቦቿን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ኤክስ-ሮድ የጀመረችው በ2001 ነው። ሕጉ አንድ መሥሪያ ቤት ሌላው የያዘውን መረጃ ለማሰባሰብ የራሱን መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል። የልደት ቀንህን አንዴ ተናግረሃል፣ በቃ። ባለጉዳዩ ኮፒ ይዞ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተትም። ኮፒውን ተቀብሎ ፋይል ውስጥ የሚያስገባው ሠራተኛም ለሌላ ሥራ ነጻ ይሆናል።

ዋናው ብክነት ግን ማንም በጀት ላይ የማይጽፈው ነው። አንድ ደብዳቤ አምስት ፊርማ ያስፈልገዋል እንበል። የመጀመሪያው ሰው አንብቦ ይፈርማል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ፊርማ አይቶ ይፈርማል። ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ነው፣ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ይከርማል። አራተኛውና አምስተኛው ሦስቱ ከፈረሙ ምን ቸገረኝ ብለው ይፈርማሉ። ችግር ሲፈጠር ደግሞ አምስት ፈራሚ ስላለ ተጠያቂ የለም። እዚህ ላይ ሰው ብትቀንሱ ደብዳቤው ይበልጥ ይዘገያል እንጂ ፊርማው አይቀንስም።

ይህን የሚያውቀው መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ባለጉዳይ የሚያስተናግደው ሠራተኛ ነው። የትኛው ቅጽ ለማንም እንደማይጠቅም፣ የትኛው ሪፖርት ተልኮ እንደማይነበብ ጠንቅቆ ያውቃል። የጠየቀው ግን የለም። ቢናገርም ቀድሞ የሚታጠፈው የራሱ ወንበር እንደሆነ ስለሚፈራ ዝም ይላል። ስለዚህ ሥራው ቢቀር እንኳ ሌላ ቦታ እንደሚመደብ መጀመሪያ ቃል ይገባለት።

ከዚያ በሚቀጥለው የበጀት ስብሰባ ላይ ብዙ ሰው የሚሞላው ቅጽ ይምጣና ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ያ ሠራተኛም አብሮ ይቀመጥ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ይህን ማን ያነበዋል ተብሎ ይጠየቅ። አንባቢ ያልተገኘለት መስመር እዚያው ይሰረዝ። ስለ ሰው ብዛት ከዚያ በኋላ እናወራለን።